ሦስቱ የእንግሊዝኛ መልመጃዎች፤ የሰዋስው፣ የንባብና የንግድ ንግግር ዳሰሳ

እንግሊዝኛን ለሚያጠና ሰው የተሰናዱት የመልመጃ መጻሕፍት ቈጥሮ ለመጨረስ የሚያታክቱ ቢሆኑም፣ ገልጦ ለመረመራቸው ሰው ግን ሁሉም ከሦስት ወገን አይወጡም፤ ከፊሉ ሰዋስውን፣ ከፊሉ አንብቦ መረዳትን፣ ከፊሉም ለገበያና ለጽሕፈት ቤት የሚያገለግል ንግግርን ለማለማመድ የተጻፈ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱም ከየት እንደ ተነሡ፣ ዛሬስ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኙ፣ ይልቁንም አፉን በአማርኛ ለፈታ ሰው ምን ያህል እንደሚበጁ ለመመርመር አስቤአለሁ። ሐሳቤን እስከ መጨረሻ ሸሽጌ ማቆየት ስለማልወድ ከወዲሁ ልናገረው፤ ሦስቱም መልመጃዎች ቀስ በቀስ በፈተና አምሳል ስለ ተቀረጹ፣ ተማሪው ከአራት አማራጭ አንዱን እንዲያከብ እንጂ ቃሉን ከገዛ ልቡናው አመንጭቶ እንዲያወጣ የማያስገድዱ ሆነዋል፤ በቋንቋው ላይ የምናየው ድካምም አብዛኛው ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል።

እንግሊዝኛ ወደ ትምህርት ቤቶቻችን የገባበት መንገድ ከጎረቤቶቻችን መንገድ የተለየ ነው። ኬንያም ዑጋንዳም ቋንቋውን የተቀበሉት ከገዥ እጅ ሲሆን ኢትዮጵያ ግን ራስዋ መርጣ ያስገባችው ነው፤ ያም ምርጫ ቢሆን በአንድ ቀን የተቈረጠ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን እየተመራ ፈረንሳይኛንም፣ እንግሊዝኛንም፣ ጣልያንኛንም፣ ዐረብኛንም ጎን ለጎን ያስተምር ነበር፤ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲቋቋምም የምድር ባቡሩና የዲፕሎማሲው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበረ የክብሩን ስፍራ የያዘው እርሱው ነው። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ግን ጠላትን ለማስወጣት የረዳው የእንግሊዝ ጦር፣ እርሱንም ተከትለው የመጡት አማካሪዎችና መምህራን ሚዛኑን ወደ እንግሊዝኛ አዘነበሉት፤ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ትምህርቱን በዚሁ ቋንቋ አደረገ። በ1955 ዓ.ም. የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች ቋንቋውን እስከ ጠቅላይ ግዛት ከተሞች ድረስ አደረሱት፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃውን ትምህርት ለአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ሰጥቶ፣ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ በሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ደግሞ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ አጸናው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቋንቋው ከክፍሉ ደጃፍ ወጥቶ ገበያ አልወረደም። በካምፓላና በናይሮቢ ሰው ከክፍል ውጭም እንግሊዝኛ ይሰማል፤ በአዲስ አበባ ግን ታክሲውም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ለቅሶውና ሠርጉም በገዛ ቋንቋችን የሚካሄድ ስለ ሆነ፣ ተማሪው ደብተሩን ባጠፈበት ሰዓት የቋንቋውም ሥራ ያበቃል። ይህን የምለው በቅሬታ አይደለም፤ ቋንቋውን በቤቱም በአደባባዩም የጠበቀ ሕዝብ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው ነገር የለም። ነገር ግን በሌላ አገር ጎዳናው የሚሸከመውን ሸክም በእኛ ዘንድ የሚሸከመው መልመጃው ብቻ ሆኖ ስለሚቀር፣ የመልመጃው ጉድለት በእኛ ላይ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ይከብዳል።

የነዚህ መልመጃዎች ጥንተ ታሪክ ሲመረመር አንድ የሚያስደንቅ መገጣጠም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1586 በለንደን ከተማ ሁለት መጻሕፍት ታተሙ፤ አንደኛው ዊልያም ቡሎካር የሚባል ሰው የላቲንን ሰዋስው አርአያ አድርጎ የጻፈው፣ ለእንግሊዝኛ የመጀመሪያው የሚባለው የሰዋስው መጽሐፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ዣክ ቤሎ የተባለ ፈረንሳዊ በሃይማኖታቸው ምክንያት ተሰድደው ወደ እንግሊዝ ለገቡት ወገኖቹ ያዘጋጀው የንግግር መጽሐፍ ነው። ቡሎካር የተጨነቀው የእንግሊዝኛ ክብር ከላቲን ክብር እንዳያንስ ነበር፤ ቤሎ ግን ስደተኛው ወደ ዶሮ ሻጩ፣ ወደ ጨርቅ ነጋዴውና ወደ ሥጋ ቤቱ ሄዶ ዋጋ ጠይቆና ተከራክሮ ገዝቶ እንዲመለስ ነበር ያሰበው። ከዚህም አልፎ የእንግሊዝኛውን አነጋገር ፈረንሳዊ ዓይን በሚያነበው አጻጻፍ ለብቻው በዐምድ አስፍሮለታል፤ እንግሊዝኛውን በፊደላችን ጽፈው በየአውቶቡስ ተራው የሚሸጡት የኛ ትንንሽ መጻሕፍት፣ ደራሲዎቻቸው ባያውቁትም፣ የዚያ ስደተኛ መምህር ወራሾች ናቸው። እንግዲህ ሰዋስውና የገበያ ንግግር በአንድ ዓመት፣ በአንድ ከተማ፣ ነገር ግን ከሁለት ልዩ ልዩ ምኞት ተወልደዋል ማለት ነው፤ እስከ ዛሬም ድረስ በሚገባ አልተስማሙም።

ሦስተኛው፣ ማለት አንብቦ የመረዳት መልመጃ፣ ከሁለቱ በብዙ ዘመን ያነሰ ነው። ሰው ቢያነብ ይረዳል ተብሎ ይታሰብ ስለ ነበረ፣ መረዳትን ለብቻው መመዘን የተጀመረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወዲህ ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች አንዲት አጭር አንቀጽ አንብበው የሰጡትን የተሳሳተ መልስ እየመረመረ፣ ማንበብ ቃላትን መቀበል ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ቃል በተገቢው ክብደት መዝኖ የማሰብ ሥራ መሆኑን አስረዳ። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን በካንሳስ ግዛት ፍሬድሪክ ኬሊ የሚባል መምህር፣ መምህራን በየራሳቸው ፈቃድ የሚሰጡት ነጥብ እንዳይለያይ ብሎ፣ አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ያለውንና ተማሪው ምልክት የሚያደርግበትን የምርጫ ጥያቄ ለዝምታ ንባብ ፈተና አውጥቶ ነበር። ልብ በሉ፤ የምርጫ ጥያቄ የተወለደው በንባብ ፈተና ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ማብቂያ ደግሞ በእርሳስ የጠቆረውን ምልክት በኤሌክትሪክ የሚቈጥር መኪና ስለ ተሠራ፣ መላው ዓለም ርካሹንና ፈጣኑን መንገድ ተከተለ።

የፈተናዎቹን ነገር በአጭሩ ላልፈው እፈልግ ነበር፤ ሆኖም አንድ ንጽጽር መተው አይቻልም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1913 ለውጭ አገር ሰዎች ያወጣው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ብቃት ፈተና ሰዋስውንም፣ ትርጉምንም፣ ድርሰትንም፣ የቃል ንግግርንም አጠቃሎ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ነበር፤ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ ያለፈ አልተገኘም። ጭካኔው ግልጽ ነው፤ ነገር ግን የሚጠየቀው ቋንቋውን ማፍለቅ ነበር። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1979 በጃፓን ነጋዴዎች ፍላጎት ለሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ተብሎ የተዘጋጀው ቶይክ የሚባለው ፈተና እስከ 2006 ድረስ መስማትንና ማንበብን ብቻ ሲመዝን ኖሯል፤ ለሃያ ሰባት ዓመት የንግድ ንግግር ችሎታ አንዲት ቃል ሳይነገር ሲመሰከርለት ኖረ ማለት ነው! ቃል በሕይወት በሚመነዘርበት ስፍራ ግን እንዲህ ያለ ቀልድ አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በ1990 ከኮሎምቢያ የመጣ አውሮፕላን ነዳጁ ሊያልቅ መሆኑን አብራሪዎቹ ቢናገሩም የአደጋ ጥሪ የሚሆነውን ቃል ሳይጠሩ በመቅረታቸው ኒው ዮርክ አጠገብ ወድቆ 73 ሰው አለቀ፤ ከዚህና ከሌሎች አደጋዎች የተነሣ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከመጋቢት 2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ በረራ የሚሰማሩ አብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቈጣጣሪዎች ሁሉ በአንደበታቸው እንዲፈተኑ አደረገ። የኛም አየር መንገድ አብራሪ የሚመዘነው በዚሁ ነው።

ወደ ሰዋስው ልመለስ። ለአማርኛ ተናጋሪ የእንግሊዝኛ ሰዋስው የሚከብደው፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት፣ ደንቡ ስለ በዛ አይደለም፤ ከአማርኛ ሰዋስው ጋር ቢመዛዘን የእንግሊዝኛው ግስ እርባታ የሕፃን ጨዋታ ነው። በአማርኛ አንድ ግስ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ ጾታውንና አክብሮቱን ሁሉ በአንድነት ተሸክሞ ይሄዳል፤ እንግሊዝኛ ግን ይህን ሁሉ በየደቃቅ ቃላቱ ላይ በትኖታል፤ የኛ ሰው የሚሰናከለውም በነዚያ ደቃቃን ላይ ነው። ለምሳሌ «መጽሐፍ ገዛሁ»፣ «ፀሐይ ወጣች»፣ «ኑሮ ተወደደ» ስንል ሦስቱም ስሞች ምንም ነገር ሳይቀጸልባቸው ባዶአቸውን ቆመዋል፤ እንግሊዝኛው ግን በመጀመሪያው ላይ «ኤ»ን፣ በሁለተኛው ላይ «ዘ»ን ያስቀድማል፤ ሦስተኛውን ደግሞ እንደኛው ባዶውን ይተወዋል። አማርኛ አንድ አድርጎ የሚያየውን እንግሊዝኛ ከሦስት ከፍሎታልና፣ ተማሪው ደንቡን ቢያውቀውም እንኳ በንግግር ፍጥነት ውስጥ ሊለየው አይችልም። እንዲሁም «ትናንት መጥቷል» ማለት በአማርኛ ነውር ስላልሆነ፣ «ሂ ሃዝ ከም የስተርዴይ» የሚለው ስሕተት ከዐዋቂዎችም አንደበት ሳይጠፋ ይኖራል፤ እንግሊዝኛ በዚህ የግስ ቅርጽ ላይ ያለፈውን ጊዜ በስም መጥራት አይፈቅድምና።

እነዚህን ስሕተቶች ለማረም የተሰናዳው የዘመናችን ዝነኛ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1985 ሬይመንድ መርፊ ያሳተመው ነው፤ በግራው ገጽ ማብራሪያው፣ በቀኙ መልመጃው እየተቀመጠ፣ ተማሪው ያለ መምህር ብቻውን እንዲሄድበት የተሠራ ነውና በአገራችንም ብዙ ወዳጅ አፍርቷል። መጽሐፉ ግሩም መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ለምን ዓይነት ተማሪ እንደ ተጻፈ መዘንጋት የለበትም፤ ደራሲው በልቡናው ያየው ከአንድ የአውሮፓ አገር መጥቶ ባዶውን ቦታ በሚገባ ከሞላ በኋላ ወደ ጎዳና ወጥቶ የሚያወራ ሰው ነው። ጎዳናው የሌለው ተማሪ የቀኙን ገጽ ሞልቶ ሲጨርስ ወደ ሚቀጥለው ግራ ገጽ ብቻ ይሻገራል። የሊቃውንቱም ምርምር ይህን ጥርጣሬ የሚያጠነክር ነው፤ ኖሪስና ኦርቴጋ እ.ኤ.አ. በ2000 በርካታ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ ደንብን ግልጽ አድርጎ ማስተማር እንደሚጠቅም አረጋገጡ፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ጥናቶች ጥቅሙን የለኩት ተማሪው በነጻ ሲናገር ሳይሆን እንደ መልመጃው ባለ ጠባብ ጥያቄ መሆኑንም ሳይደብቁ ጻፉ።

በዚህ ረገድ ሩቅ ሳንሄድ በገዛ አገራችን ሲሠራበት የኖረ አንድ ሥርዓት አለ፤ እርሱም የቅኔ ቤት ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም ቢሆን፣ የቅኔ ተማሪ ግስ ያጠናል፣ ርባ ቅምር ይማራል፣ ቀዳማይ አንቀጹን ከካልዓይ፣ ዘንዱን ከትእዛዝ ይለያል፤ በዚህ እስካለ ድረስ ከማንኛውም የሰዋስው ተማሪ አይለይም። ነገር ግን ገና ጀማሪ ሳለ ከሁለት ቤት የማትበልጠውን ጉባኤ ቃና እንዲቈጥር ይታዘዛል፤ ብቻውን ወደ ጥላ ወይም ወደ መቃብር ቤት ሄዶ ሲያሰላስል ይውላል፤ ያወጣውንም በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም በባልንጀሮቹ መካከል ያርምለታል። ከዚያ በኋላ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ እያለ እስከ መወድስ ያድጋል። የሚያስደንቀው ግእዝን የአፍ መፍቻው ያደረገ ሕዝብ ካለቀ ብዙ ዘመን ካለፈው በኋላ፣ ጎዳናም ገበያም በሌለው ቋንቋ፣ በየዓመቱ አዲስ ነገር የሚናገሩ ሰዎች መውጣታቸው ነው። ምሥጢሩ ደንቡ በተማረበት ቀን ደንቡን ለማፍለቅ መገደዱ፣ እርማቱም ከሰው አንደበት መምጣቱ ነው። የቅኔ ቤት ጉድለት የለበትም አልልም፤ ቁሩም ረኀቡም ብዙ ሰው መልሷል፤ ግን ለእንግሊዝኛ ትምህርታችን አርአያ ለመፈለግ ሌላ ባሕር መሻገር ያስፈልገናል ብዬ አላምንም።

ንባብን በሚመለከት ደግሞ የቤተ ክህነቱ ትምህርት ሌላ ማስተዋል ይሰጠናል። ሕፃኑ በንባብ ቤት ከፊደልና ከአቡጊዳ ተነሥቶ መልእክተ ዮሐንስንና መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ሲያንበለብል፣ የሚያነበውን እንዲረዳ ማንም አይጠይቀውም፤ ትርጓሜው ከብዙ ዓመት በኋላ በመጻሕፍት ቤት፣ በመምህሩ አንድምታ ይመጣል። ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ የእንግሊዝኛውን አንቀጽ ጮኾ ሳይደናቀፍ አንብቦ ምን እንዳለ ሲጠየቅ የሚያፈጥ ተማሪ፣ ሳያውቀው በንባብ ቤት ደረጃ የቆመ ነው። የንባብ ቤቱ ልጅ ግን ከፊቱ ሌላ ቤት እንዳለ ያውቃል፤ የኛው ተማሪ ጮኾ ማንበቡን መጨረሻው አድርጎ የተወው ሆኖ ነው የሚታየው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ ብዙ ምክንያት ተነግሯል፣ አብዛኛውም እውነትነት አለው፤ ይሁን እንጂ ፊዚክሱም ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ የንባብ ድካም የሚቈጠረው በእንግሊዝኛው ፈተና ላይ ብቻ አለመሆኑ በበቂ አልተነገረም።

ለዚህ ሁኔታ የተሻለ መድኃኒት የፈለገው ማይክል ዌስት ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በቤንጋል አገር በዳካ ሲያስተምር፣ ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ እንደሚያቋርጡ አይቶ፣ ለመናገር የሚያበቃ ጊዜ ለሌለው ልጅ ቢያንስ ማንበብን ላውርሰው አለ፤ ስለዚህም ታላላቁን ድርሰት በጥቂት ቃላት እያቃለለ ልጁ ሳይታክት ብዙ እንዲያነብ የሚያስችሉ መጻሕፍት አሰናዳ፤ እ.ኤ.አ. በ1953ም ወደ ሁለት ሺሕ የሚጠጉ ጠቃሚ ቃላት የያዘ ዝነኛ መዝገቡን አሳተመ። ከብዙ ዓመት በኋላ የኒው ዚላንዱ ፖል ኔሽንና ባልደረቦቹ ባደረጉት ምርመራ፣ አንባቢ ያለ ረዳት በደስታ እንዲያነብ ከመቶው ቃል ዘጠና ስምንቱን ማወቅ ይገባዋል አሉ፤ ማለት ከሃምሳ ቃል የማያውቀው ከአንድ ባይበልጥ ነው። የማናቸውንም የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ አንድ ገጽ በዚህ ሚዛን የመዘነ ሰው ነገሩን ያስተውለዋል። እንግዲህ ለንባብ የሚበጀው መልመጃ አጭር አንቀጽና ዐሥር ጥያቄ ሳይሆን፣ ከተማሪው ዐቅም ዝቅ ያለ ረጅም መጽሐፍ ነው፤ ጥያቄ ባይኖረውም ግድ የለም። ጥያቄው እንዲያውም ብዙ ጊዜ ማታለያ ያስተምራል፤ በጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል በአንቀጹ ውስጥ ፈልጎ ያገኘ ተማሪ፣ ነገሩን ሳይረዳ ከአጠገቡ ያለውን ዐረፍተ ነገር ቀድቶ ያልፋልና።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይኸውም የአማርኛ አንባቢ ዓይን ግሱን ከመጨረሻ መጠበቅ ስለ ለመደ፣ የእንግሊዝኛው ግስ ገና ከመጀመሪያ መጥቶ ሲያልፍበት ዋናውን ነገር እንደ መቅድም ይቈጥረውና ከኋላ የሚከተለውን ዝርዝር ዋና ነገር አድርጎ ይይዘዋል። «ትናንት ከጅማ የመጣው ነጋዴ» ስንል ገላጩ ቀድሞ ስሙ ይከተላል፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ይቀድማል። ይህን መገለባበጥ ለይቶ የሚያለማምድ መልመጃ እምብዛም አይታይም፤ መጻሕፍቱ ለዓለም ሁሉ በአንድነት የተጻፉ ስለ ሆኑ የማንንም ሕዝብ ልዩ ችግር አይነኩም። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት በዚህ በኩል የሚያስመሰግን ነው፤ ቃሉን ለብቻው ሳይሆን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስቀምጦ፣ ዐረፍተ ነገሩን በሙሉ በአማርኛ ይመልሰዋልና፤ አንድ ትጉህ መምህር ያንን መጽሐፍ ብቻ ይዞ ለአንድ ዓመት የሚበቃ መልመጃ ሊያወጣበት ይችላል።

የንግድ ንግግር ላይ ስንደርስ የመጻሕፍቱ ባዶነት ከሁሉ ይልቅ ይገለጣል። በቀድሞ ዘመን የንግድ ትምህርት ቤታችን፣ በተለምዶ ኮሜርስ የምንለው፣ የጽሕፈት መኪናና የሒሳብ አያያዝን ሲያስተምር የንግድ እንግሊዝኛ ማለት በዋናው የደብዳቤ እንግሊዝኛ ነበር፤ መግቢያውና መዝጊያው የታወቀ ስለ ሆነም በቃል ተጠንቶ ያገለግል ነበር። ስልኩ ግን የቃል ጥናትን አይቀበልም። በዛሬዎቹ መጻሕፍት ያለው ንግግር ደግሞ ሆቴል ስለ መያዝ፣ ስለ ስብሰባ አጀንዳ፣ ስለ ለንደን አየር ጠባይ ነው። የቡና ላኪያችን ችግር ሌላ ነው፤ በአገር ውስጥ ዋጋውን የሚሰማው በፈረሱላ፣ ማለት በ17 ኪሎ፣ በብር ሒሳብ ሲሆን፣ ከኒው ዮርክ የሚደውልለት ገዥ የሚናገረው በአንድ ፓውንድ ስንት የአሜሪካ ሳንቲም እያለ ነው፤ ፈረሱላው ሠላሳ ሰባት ፓውንድ ተኩል ያህል ይሆናል፤ 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ጆንያዎች አንድ ኮንቴይነር ሲሞሉ 19.2 ቶን ናቸው። ይህን ሁሉ እየመነዘረ፣ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» የሚሉትን ሁለት ድምፆች በጆሮው እየለየ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚያበቃውን ኃላፊነት መርከብ ላይ ከሚቀጥለው እየለየ መነጋገር አለበት። ለዚህ ሰው የሚጠቅመው መልመጃ የእርሱ የራሱ ውል፣ የእርሱ የራሱ ቁጥር ነው።

ከቁጥሩም ይልቅ የሚያስቸግሩ ስውር ነገሮች አሉ። «ቡናው አልተላከም እንዴ?» ተብሎ በአማርኛ የተጠየቀ ሰው «አዎ፣ አልተላከም» ቢል ትክክል ነው፤ ከጠያቂው አሳብ ጋር መስማማቱን ነው የሚናገረው። በእንግሊዝኛ ግን ለዚሁ ጥያቄ «የስ» ብሎ ዝም ቢል ተልኳል ማለቱ ይሆናል፤ ገዥውም በዚያው ቃል መርከብ ሊጠብቅ ይችላል። አክብሮትም እንዲሁ ነው፤ እኛ «ናሙናውን ይላኩልን» ስንል አክብሮቱ በግሱ ውስጥ ተዋሕዶ አለ፤ እንግሊዝኛ ለትንሹም ለትልቁም አንድ «ዩ» ብቻ ስላለው አክብሮቱን ወደ «ኩድ» እና ወደ «ዉድ» አሻግሮታል፤ የኛ ሰው አክብሮ የተናገረውን ቃል በቃል መልሶ «ሴንድ አስ» ሲል በወዲያኛው ጆሮ እንደ አለቃ ትእዛዝ ይሰማል። ሰዓቱን አለማንሣት ደግሞ አይቻልም፤ የጧቱ ሦስት ሰዓታችን የእነርሱ ዘጠኝ ነው፤ አሜሪካዊው ወሩን ከቀኑ አስቀድሞ ይጽፋል፤ የኛ ዘመን መቍጠሪያ ከሁለቱም ይለያል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ተለማምደው የሚያዙ ሲሆኑ፣ ለአገራችን ሰው ተብሎ በተጻፈ መልመጃ ውስጥ እንኳ እምብዛም አይገኙም።

በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ የሚሻሉበትም የሚያንሱበትም ነገር አለ። በዱባይ የሚሠራ ሰው ከህንዱና ከፊሊፒኑ ባልደረባው ጋር የሚግባባው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ አንደበቱ ቶሎ ይፈታል፤ ሰዋስውን ግን የሚያርመው የለም። በአሜሪካ ዜግነት የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ከሦስት ዐረፍተ ነገር አንዱን በትክክል ማንበብ፣ ከሦስት አንዱን መጻፍ፣ ከመርማሪውም ጋር መነጋገር ይጠበቅበታል፤ ቀላል ቢመስልም መናገሩና መጻፉ በገዛ አፉና በገዛ እጁ የሚሆን ስለ ሆነ፣ ስንት ዓመት የምርጫ ጥያቄ ከሠራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይልቅ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለዚያ ፈተና የሚሰናዱት እናቶች በቋንቋው የሚያወጡት ላብ ይበልጣል።

አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መጥቶ በእጅ ስልክ ላይ ያለ ድካም ያነጋግራል። ቀደም ሲል፣ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ፣ ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ክፍሉ ሲገባ፣ በደቡብ አፍሪካ የተሰናዳው ድምፅ ያለማቋረጥ እየፈሰሰ፣ ተማሪው ሳይጠይቅ፣ መምህሩም ሳያስቆም ያልፍ ነበር፤ አዲሱ መሣሪያ ቢያንስ ይሰማል፣ ይመልሳልም፤ ጎዳና ለሌለው ተማሪ ይህ ትንሽ ጸጋ አይደለም። ነገር ግን ገራም መሆኑ ጉድለቱም ነው፤ የተሳሳተውን ንግግር አሳቡን ገምቶ ስለሚረዳው፣ ከላይ የጠቀስኩት ዓይነት «የስ» ያለ ተቃውሞ ያልፍለታል፤ ነጋዴ ሰው ግን አሳብ አይገምትም። ስለዚህ መሣሪያውን የሚጠቀም ሰው ጨካኝ ገዥ ሆኖ እንዲከራከረው፣ ስሕተቱንም ሳይሸፍን ወዲያው እንዲያቆመው ቢያዝዘው ይጠቀማል።

መምህራንን ይህን ሁሉ ብንነግራቸው የሚመልሱልን አንድ ነው፤ የምናስተምረው የሚፈተነውን ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ በብሔራዊው ፈተና ላይ ከምርጫው ጥያቄ ጋር ተማሪው በእጁ የሚጽፋት አንዲት አጭር አንቀጽ ብትጨመር፣ መልመጃው ሁሉ ሳይታዘዝ ይለወጣል። የሚነሣው መከራከሪያ የአራሚው ድካም ነው። ተፈታኞቹ 900 ሺሕ ቢሆኑና አንዲቱን አንቀጽ ለማንበብ ሁለት ደቂቃ ቢበቃ፣ ሥራው 30 ሺሕ ሰዓት ይሆናል፤ አንድ ሺሕ መምህራን ቢከፋፈሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 30 ሰዓት ነው፤ ይህም የአንድ ሳምንት የቢሮ ሥራ እንኳ አይሞላም።